የወይዘሮ አትጠገብ ቅጽ

ጎሽ ውሃ የምትባለው ቀበሌ በግድብ ውሃ ውስጥ ከሰጠመች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚያ ያለ የአንድ ቤት መረጃ ታረመ። ሲታረም ያየሁት እኔ ነኝ።

ትርንጎ እባላለሁ። የሰፈራ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የቀበሌዋ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች አንድ በአንድ ተመዝግበው ነበር፤ ባለቤቱ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው። ቅጾቹ ቦታ እንዳይፈጁ ዚፕ በሚባል አንድ የታመቀ ፋይል ታሽገው ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ ወደ አዲሱ ሰፈር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ዚፑን የከፈተው ሰው የለም።

የዚያን ቀን አቶ ቢያድግልኝ መጡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። ለይዞታ ጉዳይ የድሮ ቤታቸውን ስፋት የሚገልጽ ማስረጃ አምጡ ተብለዋል።

«ስምንት በስድስት ነበር፣ ልጄ። አትሚልኝና ልሂድ» አሉኝ።

ዚፑን ከፍቼ ቁጥር 147ን አወጣሁ። ስምንት በስድስት ይላል። ምንም ሳልነካ ልዘጋው ስል ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፦ «ይህ ፋይል ተለውጧል። ዚፑ ውስጥ ያለው ይታደስ?»

አይ አልኩት። ያልነካሁት ፋይል ለምን ይታደሳል ብዬ እንደገና ከፈትኩት። እያየሁት «ጣሪያ» በሚለው መስመር ላይ «ቆርቆሮ» የሚለው ቃል ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ጠፋ። በቦታው «የለውም» ተጻፈ። ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ። ቀጥሎ ያለውም መስመር ጠፋና በሌላ ተተካ፦ «ነዋሪ፦ አንድ። ስም፦ አትጠገብ አየነው። ባል፦ ሄዷል።»

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ወይዘሮ አትጠገብ ማን ናቸው?»

«ሚስቴ ነበረች። ውሃው ሳይመጣ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ነው ያረፈችው። ምነው?»

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ፊደል ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ሲጨርሱ ወንበሩን ሳያዩት አልፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። 

ኃላፊያችን አቶ ሞላልኝ ስጠራቸው መጡ። ቆመው አነበቡ፤ ቫይረስ ነው አሉና አስፈተሹ። ቫይረስ የለም።

«መረጃው ተለውጧል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የተለወጠውስ ትክክል ነው?»

እኔ ወደ አቶ ቢያድግልኝ አየሁ። «ትክክል ነው» አሉ ከወለሉ ላይ።

«እንግዲያው አድሺዋ። ያረጀ መረጃ ይዘን አንቀመጥም» ብለው ወደ ስብሰባቸው ተመለሱ።

«ይታደስ» የሚለውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ሞልቶ ጠፋ።

አቶ ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። መንደሩ ሲነሣ እያንዳንዱ ሰው የዘመዱን ዐፅም አስነሥቶ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን አዛውሯል። እሳቸው የደረሳቸው የመጨረሻው መኪና ነበር። ሹፌሩ አንድ ሰዓት ብቻ ሰጣቸው። በአንድ ሰዓት ወይ መቃብር ይቆፈራል፣ ወይ ጣሪያ ይነቀላል። ክረምቱ ገብቷል፤ ልጃቸው ፈንታነሽ ደግሞ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ጣሪያውን ነቀልኩ» አሉ። «ለፈንታነሽ ግን እናትሽን አምጥቻታለሁ ብዬ ሣጥን ቀበርኩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው አፈር ነው።»

 ቅጹን ደግሜ ከፈትኩት። «አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ተጽፏል፦ «ሴት ልጅ አንዲት። ያለችበት ያልታወቀ።»

«ጻፊላት» አሉኝ። «አለች በያት። አግብታለች፣ ሁለት ወልዳለች በያት።»

እንደነገሩኝ ጻፍኩ። ስዘጋው «ይታደስ?» አለኝ፤ ይታደስ አልኩት። መልሼ ስከፍተው የቤተሰቡ ብዛት ከአንድ ወደ አራት ተለውጧል። አትጠገብ፣ ፈንታነሽ፣ በላቸው፣ ብርዘገን።

«የልጅ ልጆቼን ስም ማን ነገረሽ?»

«እኔ አልጻፍኩትም።»

በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ «እኔንስ?» አሉ። የእሳቸው መስመር እንደነበረ ነው፤ «ባል፦ ሄዷል» ይላል። ይቅር በይኝ ብለሽ ጻፊልኝ አሉኝ። ጻፍኩ፤ አደስኩ። ስከፍተው ቃሉ የለም። ደግሜ ጻፍኩ፤ የለም። በሦስተኛው ኮምፒውተሩ መጠየቁንም ተወና «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» አለ።

ፈንታነሽን በስልክ ያስጠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ትንሿን ልጇን አዝላ መጣች። አባቷ ሣጥኑንም፣ ሹፌሩንም፣ ጣሪያውንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ግድግዳ ሆነ።

«አባዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስለቀስከኝ አፈር ላይ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«በየዓመቱ ሙት ዓመቷን ስናስብ፣ ቄሶቹ ሲፈቱ፣ አጠገቤ ቆመህ?»

«አጠገብሽ ቆሜ።»

ከዚያ በኋላ አባቷን አላናገረቻቸውም። ወደ እኔ ዞራ «እህቴ፣ ቤታችን የቱ ጋ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይታወቃል?» አለችኝ። ቅጹ ላይ የቤቱ መገኛ በጂፒኤስ ተመዝግቧል፤ ይታወቃል አልኳት። አንተም ና ወይም ቅር አላለቻቸውም። እሳቸው ግን በማግስቱ ወደ ግድቡ ስንሄድ ከኋላችን መጡ።

እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሦስታችንም ከሕፃኗ ጋር አንድ ጀልባ ተሳፈርን። ነፋስ አልነበረም። ባለጀልባው ስልኬ ላይ በካርታ ያወጣሁትን መገኛ አይቶ ቦታውን አወቀው።

«እዚያ ሰፈር ስንደርስ አትጩኹ» አለን። «ታች ይሰማል።»

«ማን ይሰማል?» አልኩት።

«ሰዉ ነዋ» አለና መቅዘፉን ቀጠለ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቅዘፊያውን አነሣ። ፈንታነሽ ልጇን ለእኔ ሰጥታ በሆዷ ተኛችና አንገቷን ከጀልባው ጠርዝ አሳለፈች። አቶ ቢያድግልኝ ቀና ብለው ማዶ ማዶውን ያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «እናትሽ ወደ ላይ ታያለች?» አሉ። እኔ በዚህኛው በኩል ጎንበስ አልኩ።

ውሃው እስከ ታች ድረስ ጥርት ያለ ነበር። አንዲት ሴት ጣሪያ በሌለው ቤቷ ደጅ ማሽላ አስጥታለች። የጀልባችን ጥላ ስጡ ላይ አረፈ። ሴትዮዋ ቀና አለችና ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ እንደሚያደርገው እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ አየች። ፈንታነሽ እጇን ውሃው ውስጥ አስገብታ አወዛወዘች። ሴትዮዋ ግን ጥላው ከስጧ ላይ እስኪነሣ ጠበቀች፤ ሲነሣ ማሽላውን በእግሯ ማገላበጥ ጀመረች።