ጋሽ ጀማሉን ያስነቀነቀው ሞተር

ጋሽ ጀማሉ በቡታጅራ ገበያ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሚሸጡት በርበሬ ውስጥ አፈር አይገኝም። ሁለተኛው በሕይወታቸው «እሺ» ብለው አያውቁም። «አይሆንም»ም አይሉም። የሚሉት «እናያለን» ነው። ሻይ ይጨመርልዎት ወይ ሲባሉ «እናያለን» ይላሉ፤ ከዚያ ይጠጡታል። ኒካ ባሰሩ ዕለት እንኳ ጥያቄው ሦስት ጊዜ ተደግሞላቸዋል ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ስለዚህ አላረጋግጥም።

ስሜ ዑመይር ነው። ኮሌጅ ገብቼ በአውቶሞቲቭ ተመርቄ፣ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፍቻለሁ። የጋሽ ጀማሉን ልጅ ሳሌሃን ለማግባት አጎቴን ሙሀመድሰይድን ከሁለት ሰዎች ጋር ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እናያለን» ተብለው ተመለሱ። አጎቴ በሦስተኛው ጊዜ ጫማውን እያወለቀ፣ «ይህ ሰውዬ መልአከ ሞት ሲመጣበትም እናያለን ይለዋል» አለኝ።

ሳሌሃ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። በመስቃን ቀበሌዎች እየዞረች ከብት ትከትባለች። የምትነዳው ሞተር ሳይክል ኢንጄክሽን ነው፤ ካርቡሬተር የለውም፣ ቤንዚኑን የሚመጥንለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በፍጥነት ሲነዳ ምንም አይለው። ችግሩ ቀስ ሲል ነው። የጋዙን እጀታ ሲለቁት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ መልሰው ትንሽ ሲነኩት ድንገት ይለቀዋል። በዚያ ላይ ጋዙን የሚስበው የሽቦ ካቦ ከላላ፣ ጎማ የሚያዞረው ካቴናም ከረገበ፣ ሞተሩ ይወረወራል፣ ይያዛል፣ ደግሞ ይወረወራል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ራስ ደፋ ቀና፣ ደፋ ቀና ይላል። ይህን ሞተር ሦስት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ በሁለት ሳምንቱ ሲንገጫገጭ ተመልሶ መጣ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ ጋራዥ በገባ ማግስት የገበያ ቀን ነበር። ችግሩን ለማየት ይዤው ስወጣ ጋሽ ጀማሉ መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። በሁለት እጃቸው የናሙና በርበሬ የሞላ ሳህን ይዘዋል።

«እስከ መጋዘኑ ላድርስዎት ጋሼ?»

«እናያለን» አሉና ከኋላዬ ወጡ።

መንገዱ በጋሪ፣ በባጃጅና በእግረኛ ተጨናንቋል። ከሰው እርምጃ ፈጥኖ መሄድ አይቻልም። ሞተሩ ጀመረ፤ ይወረወራል፣ ይያዛል። እኔ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ እየረገጥኩ ለማለስለስ ስታገል አጎቴ ሙሀመድሰይድ ከጨርቅ ተራ ብቅ አለና ከጎናችን ይራመድ ጀመር።

«አሰላሙ አለይኩም ጀማሉ! እንዲያው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልጠይቅህ፤ ልጅቷን ሰጠኸን ወይ?»

የጋሽ ጀማሉ ራስ ደፋ ቀና አለ። አጎቴ ደንግጦ ቆመ፤ ከዚያ ሮጦ ደረሰብን።

«ሰጠኸን?» ነቀነቁ። «ወላሂ?» ነቀነቁ። «ከረመዳን በፊት?» ይህን ጊዜ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ስለነበረ በጣም ነቀነቁ።

መጀመሪያ እልል ያለችው በርበሬ የምትሸጠው ሃሊማ ናት። ቀጥሎ በርበሬ ተራው በሙሉ እልል አለ። እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ስለነበር ለሌላ ሙሽራ መስሎኛል። መጋዘኑ ደርሰን ጋሽ ጀማሉ ሲወርዱ፣ ሳህናቸውን አስቀምጠው ማጅራታቸውን ሲያሹ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚላቸው ሰው ተሰልፎ ጠበቃቸው።

«ሞተሩ ነው!» ብለው ጮኹ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ አይደለም አትልም ነበር?» አለ አጎቴ።

«አፌን ከፍቼ ምላሴን ልቁረጥ?»

ነገሩ ወደ ገበያው ሽማግሌዎችና ወደ ሰብሳቢያቸው መምህር ሀብተወልድ ሄደ። መምህር ከሰሜን መጥተው ሠላሳ ዓመት ቡታጅራ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የተመረጡት የማናችንም ዘመድ ስላልሆኑና የቃለ ጉባኤ መዝገብ ስላላቸው ነው። ማስረጃው ጋራዥ ውስጥ ስለቆመ ጉባኤው ረቡዕ ጠዋት እኔ ጋ እንዲሆን ተቆረጠ።

ረቡዕ አጎቴ ሰው ሳይመጣ ደረሰ።

«ሞተሩን አሁን ጠግነው» አለኝ። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«በቃ! ሽማግሌዎቹ ይወጡበታል፣ ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ታዲያ ጀማሉን ማን ነቀነቀው? ራሱ! ሚስት አገኘህ ማለት ነው።»

አልዋሽም፤ አሥር ቁጥር ቁልፉን አንስቼ ወደ ሞተሩ ሄጃለሁ። ሳሌሃን እወዳታለሁ፤ በአባቷ «እናያለን» ላይ ደግሞ ፀጉሬ ሊሸብት ነው። የዚያን ጊዜ እሷ የክትባት ሳጥኗን አንግታ ገባች። ምን ልሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ነገ ልጆቼ እንዴት ተጋባችሁ ሲሉኝ፣ አያታችሁን ሞተር አንገጫገጫቸው ልበል?» አለች። «ደግሞ እኔን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ቁልፉን መልሼ አስቀመጥኩት። አጎቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየንና፣ «ገጥማችኋል» አለ። ምርቃት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። መምህር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ሃሊማን ጠሩ።

«አሥራ አራት ጊዜ ነቀነቁ» አለች ሃሊማ። «ቆጥሬያለሁ።»

«አሥራ አራት ጊዜ እሺ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መምህር፣ እኔ ገበያ ነው የምውለው። አንዴም የሚል አይቼ አላውቅ።»

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ዑመይር፣ አንተ ባለጉዳይም ባለሙያም ነህ። ይህ ደግ አይደለም፤ ግን ኢንጄክሽን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘንም። ይህ ሞተር ራስ ያስነቀንቃል ወይስ አያስነቀንቅም?»

አጎቴ በዓይኑ ለመነኝ።

«ያስነቀንቃል» አልኩ።

«አንተ ግን የማን ወገን ነህ?» አለ አጎቴ። «ለሠርግህ ሙክት እያየሁልህ ነበር እኮ!»

ቃል ብቻ አይበቃም፣ በዓይን ይታይ ተባለ። ሽማግሌዎቹ እየተፈራረቁ ከኋላዬ እንዲቀመጡ፣ እኔ በእግረኛ ፍጥነት ግቢውን እንድዞር፣ መምህርም መሃል ቆመው እንዲጠይቁ ተወሰነ። መጀመሪያ የወጡት ልብስ ሰፊው ጋሽ ብርሃኔ ናቸው።

«ብርሃኔ፣ ሚስትህን ትፈራለህ?»

ነቀነቁ።

«የጎረቤትህ በግ የጠፋ ጊዜ የበላኸው አንተ ነህ?»

ነቀነቁ። መምህር ሁለቱንም ጻፉ። ጋሽ ብርሃኔ ሲወርዱ፣ «የበጉ ውሸት ነው» አሉ። ስለ ሚስታቸው የጨመሩት ነገር የለም።

ከዚያ መምህር ራሳቸው ልሞክረው ብለው መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ጋሽ ጀማሉ አጋጣሚውን አላሳለፉም።

«መምህር፣ የልጆቻችንን ፈተና ሳያነቡ ነበር የሚያርሙት?»

ደፋ ቀና፣ ደፋ ቀና። መምህር ወርደው መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «ይህ አይመዘገብም» አሉ።

ውሳኔው አጭር ነበር። መምህር ቆመው አነበቡት፦ «በሞተር ላይ የተነቀነቀ ራስ የባለቤቱ ራስ አይደለም። ስለዚህ ልጅቷ አልተሰጠችም።»

ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ መስካሪውም እኔው ነኝ። ቢሆንም ሄጄ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ጀማሉ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«በራስህ ላይ መሰከርክ» አሉኝ።

«እውነት ስለሆነ ነው ጋሼ።»

ወደ ሞተሩ አመለከቱ። «ጠግነው። በገበያ ቀን በዚያው መንገድ ይዘኸኝ ትሄዳለህ። ሙሀመድሰይድም እንደገና ይጠይቀኝ።»

«ከዚያስ?» አለ አጎቴ።

«እናያለን።»

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ካቴናውን ወጠርኩ። አየር የሚገባበትን በር ከጥላሸት አጸዳሁ፣ ሞተሩ እንደቆመ እንዳይንቀጠቀጥ ጋዝ ሳይነካ የሚዞርበትን ሚኒሞ ትንሽ ከፍ አደረግሁ። መጨረሻ የጋዙን ካቦ የሚያጠብቀው ዳዶ ላይ ስደርስ ጠርዙ ተቦጭቆ አየሁ። ያ የፒንሳ ጥርስ ነው። እኔ በሕይወቴ ዳዶ በፒንሳ ፈትቼ አላውቅም።

ሳሌሃ በር ላይ ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

«ፒንሳ አለሽ?» አልኳት።

«ለከብት የጆሮ ምልክት ነው።»

የተቦጨቀውን ዳዶ አሳየኋት።

«ቆይ፣ ያለምክንያት ጋራዥ ልመላለስ?» አለች። «ሽማግሌ ከላክህ በኋላ ደግሞ ባሰ። ሰው ያየኛል።»

እንግዲህ አባቷን ያስነቀነቀችው እሷው ናት። ለመምህር መንገር ይገባኝ እንደሆነ አሰብኩበት። መዝገቡ ግን ተዘግቷል፤ ጉባኤውም የጠየቀኝ ያስነቀንቃል ወይ ብሎ እንጂ ማን ፈታው ብሎ አይደለም። ዳዶውን ቀየርኩና ካቦውን በልኩ አጠበቅሁት።

በገበያው ቀን ጋሽ ጀማሉ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ባዶ እጃቸውን መጡ። ሞተሩ ከሰው እርምጃ እኩል፣ የሚፈስ ዘይት መስሎ ሄደ። ገበያው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ግራና ቀኝ ቆሟል። መምህር መዝገባቸውን ከፍተው ከኋላ ይከተላሉ። አጎቴ ከጎናችን ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጀማሉ፣ ልጅቷን ሰጠኸን ወይ?»

በስፖኪዮው አየኋቸው። አንገታቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። የሃሊማን መደብር አለፍን። የመጋዘኑ በር መታየት ጀመረ። እዚያ ስንደርስ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ነቀነቁ።

«ኧረ አልተጠገነም!» ብላ ጮኸች ሃሊማ።

«ሞተሩ ነው! ሞተሩ ነው!» አለ ሕዝቡ።

«በውሳኔያችን መሠረት አይቆጠርም» አሉ መምህር።

ጋሽ ጀማሉ ተገርመው ደግመው ነቀነቁ። «እዩት፣ ባሰበት!» አለ አንዱ። «ዑመይር፣ ካቦውን እየው እንጂ! ሰውዬውን ልትገድላቸው ነው?»

ሞተሩን አጠፋሁ። በቆመ ሞተር ላይ ነቀነቁ። «መንገጫገጩ ገና አልለቀቃቸውም» አሉ ጋሽ ብርሃኔ በሐዘኔታ። ጋሽ ጀማሉ ወርደው መሬት ላይ ቆመው ነቀነቁ። ሃሊማ ውሃ ይዛ መጣች፤ «ልማድ ሆኖባቸው ነው፣ ትንሽ ይረፉ» እያለች።

የጋሽ ጀማሉ ፊት ከሚሸጡት በርበሬ በላይ ቀላ።

«እሺ!» ብለው ጮኹ። «እሺ ነው የምላችሁ! ሰጥቻለሁ! ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?»

የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ ሞተር አጥፍተው ነበር። መምህር ብዕራቸውን አንስተው፣ «ለመዝገቡ አንዴ ቢደግሙልን» አሉ።

«እናያለን» አሉና ጋሽ ጀማሉ መጋዘናቸው ገቡ።

እልልታው መሃል ሳሌሃ ሰው እየገፋች መጣችና ቁልፉን ከእጄ ተቀበለች። «ሞተሩ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምነዳው። ሥራ አለኝ፤ ጋራዥ አድርሼህ ልሂድ።» ከኋላ ወጣሁ። ገና ኒካ አልታሰረምና የመፍቻ ሳጥኔን በመካከላችን አስቀመጥኩት።

«አንቺስ ልጄ?» አላት አጎቴ እየሮጠ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እናያለን» አለች፤ ቁርጥ አባቷን።

አጎቴ ራሱን ይዞ ቀረ። እሷ በእግረኛ ፍጥነት፣ ሳትወረውር ሳትይዝ፣ ሕዝቡን እየሰነጠቀች ነዳችው። ከበርበሬ ተራ ወጥተን መንገዱ ሲከፈት የራስ ቁሯ ከፊቴ ደፋ ቀና አለ። አንዴ። ቀጥሎ ደግሞ አንዴ።

እጄን ከመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ አሳረፍኩ። ጸጥ ብሏል። ካቴናው ውጥር ነው፣ ካቦውም በልኩ ነው፤ እኔው ነኝ ያጠበቅሁት። ሞተሩ አልነበረም።