ስድስት ዕጩ ለሦስት መራጭ

ደግፌ ኪዳኔ የእንግሊዝን የዜግነት ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛው ለሐሙስ ተቀጥሯል። በስደተኛ ወረቀቱ ከገዛ አገሩ በቀር የትም መሄድ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከገዛ አገሩ በቀር የትም መሄድ አልፈለገም። ደሴ ያሉት አባቱ አቶ ኪዳኔ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ዐይናቸው ስለደከመ የስፌት መኪናቸውን ሸጠዋል። እሑድ እሑድ በስልክ ልጃቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮስ?» ይሉታል። ባለፈው እሑድ ግን ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ፣ ማን እንደደወለላቸው ረሱ። ደግፌ ከዚያ ወዲህ እንቅልፉን አልጠገበም።

የሚሠራው በእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት መግቢያ ነው፤ የአባላቱን፣ የሎርዶችን ካፖርት ይቀበላል። እያንዳንዱ ሎርድ ስሙ የተጻፈበት ማንጠልጠያ አለው። አብዛኞቹ በሹመት የመጡ ናቸው፤ ዘጠና ሁለቱ ግን ሎርድ የሆኑት አባታቸው ሎርድ ስለነበረ ነው። ከዓመታት በፊት መንግሥት በዘር መግባት ይቅር ብሎ ከስድስት መቶ በላይ የሚሆኑትን አሰናበተ፤ ጨርሶ እንዳይከፋቸው ብሎ እነዚህን አስቀረ። ከእነሱ አንዱ ሲሞት ቦታው በምርጫ ይሞላል። ለመወዳደር ከአባት የወረሱት ማዕረግ ያስፈልጋል። ለመምረጥም እንደዚያው። ሌላ ነገር ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ፈተናም የለውም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሎርድ ሞቱና ስማቸው ከማንጠልጠያው ላይ ተነሣ። የሚመርጡት የሟቹ ፓርቲ የዘር ሎርዶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ስለነበሩ መራጮቹም ሦስት ሆኑ። ዕጩዎቹ ስድስት ነበሩ።

ከመራጮቹ አንዱ ሎርድ ዊዘርኮምብ ነበሩ። የጥንት አያታቸው ማዕረጉን ያገኙት ለአንድ ንጉሥ ሦስት ፈረስ ሰጥተው ነው ይባላል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሕግ ሲያወጡ የኖሩት በነዚያ ፈረሶች ነው። የምርጫው ዕለት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሎርዱ መነጽራቸውን ቤታቸው ረስተው መጡ። ዕጩዎቹ ስለ ራሳቸው በሰባ አምስት ቃል የጻፉትን ደግፌ እንዲያነብላቸው ለመኑት።

ደግፌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። አንደኛው ላም ያረባል። ሁለተኛው ቤቱ ለምክር ቤቱ ቅርብ ነው። ሦስተኛው ጤነኛ መሆኑን ሐኪሙን ምስክር ጠርቶ ገልጿል። አራተኛው ሰባ አምስቱን ቃል በአያቱ ታሪክ ስለጨረሰው ለራሱ የሚሆን ቦታ አልተረፈውም። አምስተኛው ስሙ ይበቃል ብሎ ነው መሰለኝ ምንም አልጻፈም። ስድስተኛው ደግሞ ቢመርጡኝ እመጣለሁ ይላል፤ ሌላ የለውም።

«እንግዲህ ማንን ላድርግ?» አሉ ሎርዱ።

«እኔ አስተያየት መስጠት አይፈቀድልኝም ጌታዬ።»

«አስተያየትህን ማን ጠየቀህ? ሰሞኑን ሁሉም እየመጡ ምሳ ሲጋብዙኝ ነበር። ካፖርታቸውን የተቀበልከው አንተ ነህ። የትኛው አመሰገነህ?»

ደግፌ አሰበ። አምስቱ ካፖርታቸውን ክንዱ ላይ ወርውረው ነበር ያለፉት።

«ቢመርጡኝ እመጣለሁ የሚለው» አለ።

ሎርዱ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያስኬዱ ስሙ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁትና ከጎኑ የ1 ቁጥር ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በወግ ተነበበ። ሁለት ለአንድ። አሸናፊው፣ ያው ቢመርጡኝ እመጣለሁ ያለው፣ ከመቶ ስድሳ ስድስት ድምፅ አገኘ ተባለና አጨበጨቡለት። በአገሩም እዚህም አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ የማያውቀው ደግፌ ለስድሳ ሚሊዮን ሕዝብ ሕግ አውጪ ሾሞ ሲያበቃ፣ ካፖርት ሊቀበል ተመለሰ።

ማታ ስቶክዌል ካለው ቤታቸው ሲገባ ይህንኑ ለቲጂ ነገራት። ቲጂ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት፤ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ፈተናውን ባለፈው ዓመት በአንድ ሙከራ አልፋለች። ይስቃል ብላ ጠብቃው ነበር፤ እሱ ግን በቁም ነገር ስለ ድምፅ መስጫው ወረቀትና ስለ ቆጠራው ያብራራላት ጀመር።

«ስማ ደግፌ» አለችው ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «ፈተናውን ቡክ ያደረግኸው ልታስተምራቸው ነው ልትማርላቸው? ያየኸውን እዚያው ማንጠልጠያህ ላይ ሰቅለህ ሂድ። መጽሐፉ ያለውን በል።»

ሐሙስ ዕለት ዌምብሊ ካለው የፈተና ማዕከል ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ከሃያ አራቱ ጥያቄ አስራ ስምንቱን ማግኘት አለበት። በአስራ ሰባቱ እርግጠኛ ነበር፤ ስድስቱን በግምት መታ። አንድ ቀረው፤ የላይኛው ምክር ቤት አባላት ቦታቸውን በምርጫ አያገኙም፣ እውነት ወይስ ሐሰት ይላል።

ደግፌ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ምርጫማ ነበር። ውጤቱ ሲነበብ በጆሮው ሰምቷል። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ መራጩ ራሱ ነበር። ሐሰት ብሎ ቢመልስ አንድም የዋሸው ነገር የለም። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። አምስቱን ደቂቃ አባቱ ማን እንደደወለላቸው የረሱበትን እሑድ እያሰበ ጨረሰው። ከዚያ «እውነት» የሚለውን ተጫነ።

አለፈ። ወረቀቱን የሰጠው ሰው፣ አሁን ይህን አገር በደንብ እንደሚያውቅ ተረጋግጧል ብሎ ጨበጠው።

እሑድን አልጠበቀም፤ ከባቡር ጣቢያው በር ሆኖ ደሴ ደወለ። አቶ ኪዳኔ ያን ቀን ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ በድምፁ ለዩት። ምን ምን ጠየቁህ አሉት። ስለ ሎርዶቹ ነገራቸው።

«እና ማንም አይመርጣቸውም?»

«መልሱ እሱ ነው አባባ።»

«ታዲያ ማን ነው እዚያ ያስቀመጣቸው?»

«አባቶቻቸው ናቸው።»

«አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነስ?»

«እሱ ፈተና ይቀመጣል።»

«አልፈሃል አይደል?»

«አልፌያለሁ አባባ።»

«እንግዲያማ ና» አሉት።