ጭስ የሚያጥበው ከሰል

ወይዘሮ ጉዲቱ የአማቻቸውን አዲስ ዕቃ ገና ሲያዩት ናቁት። ጣት የማታክል የፕላስቲክ ቱቦ ናት፤ ሆዷ በደቀቀ ከሰል ታጭቋል። ሲጋራው በአንድ ጫፏ ይሰካል፣ በሌላው ይማጋል። ለአማቻቸው ለዱጋሳ ያመጣለት ዱከም ከተማ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው።

«እማዬ፣ የኬሚካል ማጣሪያ ነው» አለ፣ እንደ ወርቅ እያገላበጠ። «መርዙን እዚሁ ያስቀረዋል። የሚወጣው ንጹሕ ጭስ ነው።»

«ንጹሕ ጭስ! ደረቅ ውሃም አለ በለኛ።»

ቀልድ ቢሆን ኖሮ ይስቁ ነበር። ዱጋሳ ግን ቱቦዋን ካገኘ ወዲህ ከግቢ ውጭ ማጨሱን ትቶ በረንዳው ላይ፣ ልክ ከቦንቱ መስኮት ሥር መቀመጥ ጀመረ። ቦንቱ፣ የስድስት ዓመቷ ልጁ፣ አስም አለባት። የአዳማ ሙቀት ደግሞ መስኮት አያዘጋም። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ደረቷ ሲያፏጭ፣ አፍ ላይ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት፣ ፓፏን፣ ፍለጋ አያቷ ወይዘሮ ጉዲቱ መሳቢያ በርብረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ዱጋሳ በረንዳው ላይ ሊለኩስ ሲል ወይዘሮ ጉዲቱ ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ብድግ አለና ቱቦዋን ከነሲጋራው ከኋላው ደበቀ። አማች በሆነበት ስምንት ዓመት ውስጥ እሳቸው ፊት እንኳን ሊያጨስ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አያውቅም።

«ምን ደበቅህ?»

«እንዴ እማዬ! አማት ፊት ይጨሳል እንዴ? ነውር ነው።»

«ንጹሕ ነው አላልክም? ለኩሳ!»

ዱጋሳ ቱቦዋን ይበልጥ ወደ ኋላው ሸሸጋት።

«እኔ አቧራ ስጠጣ ያረጀሁ ሴትዮ ነኝ። የእኔን ዓይን አክብረህ የልጅህን ሳንባ ናቅህ? ጎሽ፣ የኔ ጨዋ!»

«ቢያንስ ይቀንሳል እኮ፤ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤዋለሁ። ኩየራ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለጌጥ መሰለህ? ‹ይቀንሳል› ይላል። ስንቱን? አይልም። የቀረው የት ይሄዳል? አይልም። የት እንደሚሄድ እኔ ልንገርህ?»

መንገር አላስፈለጋቸውም። የጠዋቱ ሲጋራ ጭስ ገና ከክፍሏ ያልወጣላት ቦንቱ ከውስጥ ማሳል ጀመረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ያ የሚያስጠላ ፉጨት። ወይዘሮ ጉዲቱ እየተደናቀፉ ገብተው ፓፏን አፏ ላይ ደቀኑላት። ዱጋሳ ሲጋራውን እንደያዘ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ዞር ብለው እንኳን አላዩትም።

ልጅቷ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር አስጠግተው ሹራብ መሥሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። እሁድም እዚያው። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ እሱ ከሥራ ሲመለስ እዚያው። እሳቸው በተቀመጡበት መለኮስ አይሆንለትም፤ ያን ያህል እንኳን አሳድገውታል ወላጆቹ።

አሁን ዱጋሳ ከግቢው በር ውጭ፣ ባጃጆቹ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጨሳል። አንዳንዴ አንገቱን በበሩ ያስገባል።

«እማዬ፣ አልደከመዎትም? ገባ ብለው አረፍ አይሉም?»

«አልደከመኝም» ይላሉ፣ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ። «አንተ ግን ፀሐዩ እንዳይጎዳህ፤ ለእሱ ማጣሪያ አልመጣም።»