ልጄ ብለሽ ጻፊልኝ

"ቆይ፣ ቆይ! ይቺን ቃል አውጪልኝ" አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ጠበቃዋ የምታነበውን የኑዛዜ ረቂቅ በጣታቸው እየነኩ።

ጠበቃዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። "የትኛዋን አባባ?"

"'የእንጀራ ልጄ' የምትለዋን። ልጄ ብለሽ ጻፊልኝ።"

ሰዓት ሠሪው ሲያገቡ ሚስታቸው የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ነበር የመጣችው። ያቺ ልጅ ዛሬ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ የዳቦ ቤት ጋጋሪ ናት። ኋላ የተወለደው ወንድ ልጃቸው ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወር ሃያውን ቀን መንገድ ይበላዋል። ሚስታቸው ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗል። በዚህ ሁሉ ዘመን "የእንጀራ" የምትለው ቃል ከሰዓት ሠሪው አፍ ወጥታ አታውቅም።

ጠበቃ ቤት ያመጣቸው የዛሬ አራት ወር የገጠማቸው ነገር ነው። መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ራሳቸውን ስተው ስለነበር ሆስፒታሉ ለቀዶ ጥገናው የቤተሰብ ፊርማ ጠየቀ። ጋጋሪዋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እየሮጠች መጥታ "እኔ ልፈርም" ብትል፣ "መታወቂያሽ ላይ ያለው የአባት ስም ሌላ ነው። ውክልና አለሽ?" አሏት። አልነበራትም። የወንድሟም ስልክ አይሠራም። እሱ ተገኝቶ ፈቃዱን እስኪሰጥ አንድ ቀን ተኩል አለፈ። ሰዓት ሠሪው ከዚያ ጊዜ የሚያስታውሱት ብዙ ነገር የለም። ዳቦ ዳቦ የሚሸት እጅ እጃቸውን ይዞ እንዳልለቀቀ ግን ያስታውሳሉ።

"አባባ" አለች ጠበቃዋ ረጋ ብላ፣ "ቃሏ እኔንም አትጥመኝም። ግን በሕግ ፊት በጉዲፈቻ አልወሰዷትም፤ ኑዛዜ ባይኖር ኖሮ ከእርስዎ አንዲት ማንኪያ አትወርስም ነበር። አሁን 'ልጄ' ብቻ ብለን ጽፈን፣ ነገ አንድ የሩቅ ዘመድ ተነሥቶ 'ልጁ አይደለችም፣ ተታሎ ነው የሰጣት' ቢልስ? እውነቱን ከጻፍን ግን ማን እንደሆነች እያወቁ እንደሰጧት ግልጽ ነው። ቃሏ ለልጅቷ አጥር ናት።"

ሰዓት ሠሪው ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ።

"አጥር ካልሽማ ትቀመጥ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ከሥሯ 'ስላሳደገችኝ አመሰግናታለሁ' ብለሽ ጨምሪበት።"

"ስላሳደግኳት ማለትዎ ነው?"

"አልተሳሳትኩም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት።"

ጠበቃዋ ፈገግ አለች። "በሕግ ምንም አይጨምርም።"

"ለእኔ ይጨምራል።"

ሁለተኛው ወረቀት ውክልና ነበር። አንዱ አይበቃም ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ጠበቃዋ፣ "ውክልናው በሕይወት ሳሉ፣ ሲታመሙ ልጅዎ እንድትፈርምልዎ ነው። እርስዎ ሲያርፉ እሱም አብሮዎት ያርፋል። ኑዛዜው አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው" ብላ አስረዳቻቸው።

የሚወርስ ሰው ምስክር መሆን ስለማይችል፣ አራት ጎረቤቶች ገብተው ኑዛዜው ሲነበብ ሁለቱ ልጆች ኮሪደር ላይ ጠበቁ። ተነበበ፤ ተፈረመ። አንዱ ቅጂ ጠበቃዋ ዘንድ ቀረ። ሁለተኛውን ሰዓት ሠሪው ይዘው ወጡ።

ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን አልፈዋት ለሾፌሩ ሰጡት።

"አንተ ያዘው።"

"እኔ? እሷ ብትይዘው አይሻልም አባዬ? እኔ እንኳን ወረቀት፣ ራሴንም መንገድ ላይ እጥላለሁ።"

"ቤቱን ለእሷ፣ ሱቁን ከነመሣሪያው ለአንተ አድርጌያለሁ። ቤቱ እንደሚበልጥ አላጣሁትም። ከእኔ አፍ ስማው፣ በዓይንህም አንብበው ብዬ ነው።"

ጋጋሪዋ ደነገጠች። "አባዬ! ማን ቤት ስጠኝ አለህ?"

"ማንም አላለኝም። ለዚህም ነው የሰጠሁሽ።"

ሾፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ፊቱ ጠቆር አለ። "አንብቤው ቢከፋኝስ?"

"ትነግረኛለሃ! መቃብሬ ላይ ቆመህ ከምትጮህ፣ ጆሮዬ እየሰማ ሳለ ብትጮህብኝ ይሻለኛል።"

ሾፌሩ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እንደ ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ።

"ታክሲው ቆሞ እየጠበቀን ነው" አለች ጋጋሪዋ የአባቷን ክንድ ደግፋ። "ዳሌህም ይደክማል። ቤት ሄዶ ቢያነበውስ?"

ሰዓት ሠሪው ልጃቸውን አዩት። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

"ታክሲውን አሰናብቺው" አሏትና ቀስ ብለው ከጎኑ ተቀመጡ።