የእማማ ሶምጃይ ሸክላ

አብርሆት አሜሪካ ውስጥ ሆም ኬር፣ ማለትም ሕሙማንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ስትሠራ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ እማማ ሶምጃይ የሚባሉ የታይላንድ አዛውንት ታስታምም ነበር። እማማ በወጣትነታቸው የአገራቸውን የገጠር ዘፈን እየዘፈኑ ሸክላ ያስቀረጹ፣ ስማቸው የተጠራ ድምፃዊት ነበሩ። አሁን ግን ስትሮክ አንደበታቸውን ከዘጋው ሁለት ዓመት አልፏል። ከሸክላዎቻቸውም በእጃቸው የቀረ አልነበረም።

አብርሆትን አሳዘኗትና በዕረፍቷ ቀን ሁሉ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበትን ሱቅ ስታስስ ከረመች። በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ጸጉሯ ላይ አበባ የሰካች ኮረዳ ከአንድ የሸክላ ሽፋን ላይ ፈገግ ብላ አገኘቻት። ልክ እንደ እማማ ጉንጯ ላይ ማርያም ስማታለች። ራሳቸው እማማ ነበሩ!

በማግስቱ ማጫወቻ ተውሳ ይዛላቸው ሄደች።

«እማማ፣ ማን እንደመጣ ይስሙማ!» አለቻቸው መርፌውን እያሳረፈች።

የጠራ የኮረዳ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የእማማ ዓይን በራ። አፋቸውን ከፍተው ዘፈኑን ሊቀበሉ ቢሞክሩ የወጣው የተሰነጠቀ ሲቃ ነበር። ደግመው ሞከሩ። ያን ጊዜ የአሁኑን ድምፃቸውን ሰሙትና በደኅናው እጃቸው አፋቸውን ከደኑ።

«ላጥፋው እንዴ?» አለች ደንግጣ።

በእንባቸው መሃል አዎን ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ገላቸውን ስታጥባቸው በጉሮሯቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ውሃው ብቻ ይሰማል።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!» ብትላቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩባት።