የመጀመሪያው ምስማር

አባዬ ሶፋ ሲያድስ አንድ የማይጥሰው ደንብ ነበረው፤ የመጀመሪያውን ምስማር የሚነቅለው ባለቤቱ ነው። ደንበኛው የፈለገውን ያህል የተከበረ ሰው ይሁን፣ ጉጠቱን ያስይዘውና “በል ንቀል” ይለዋል። ከዚያ የተነቀለውን ምስማር ከመሬት አንስቶ በደንበኛው መዳፍ ላይ ያኖርና ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፍለታል። “ከእንግዲህ ሶፋዬን እንደነበረ መልስልኝ የለም” ይላል። አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ወንበር በገዛ አፏ አድስልኝ ብላው፣ ካደሰላት በኋላ አሮጌውን ጨርቅ ፍለጋ ቆሻሻ ገንዳችን ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ካየ ወዲህ ያወጣው ደንብ ነው።

እኔም ሙያውን ከነደንቡ የተማርኩት ከእሱ ነው። ቁጡ ስለሆንኩ “ጠማማ ምስማር” ይለኛል። ይለኝ ነበር ማለቴ ነው። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን በአንድ ጠዋት ወሰደበት። የቀሩት ግራ እጁና ዐይኖቹ ናቸው።

በዚያች ግራ እጁ በየጠዋቱ ወደ መስኮቱ ይጠቁም ነበር። መስኮቱ ስር የገዛ ሶፋው ነበረ። ከእናታችን ጋር ጎጆ ሲወጡ ለራሱ ወገብ ለክቶ የሠራው፣ ጀርባው ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ ሶፋ ነው። እዚያ አድርሱኝ ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ተነስቶ እዚያ የሚቀመጥበትን ቀን ነበር የሚጠብቀው። እኛም “እሺ አባዬ፣ ትንሽ ሻል ሲልህ” እንለው ነበር።

አንድ ቀን በየሳምንቱ የምታየው ነርስ መጥታ ከትራሱ ላይ ተንሸራትቶ ስታገኘው ተቆጣች። “ቀጥ ብሎ ካልተደገፈ ምግቡ አንድ ቀን ወደ ሳንባው ይገባል” አለች።

“ሶፋው ላይ ብናስቀምጠውስ?” አልኳት።

“ወገቡ አይሸከመውም። መቀመጥ የሚባለውን እርሱት፤ አልጋው ላይ ነው የሚደገፈው።”

እሱ ፊት! ደሜ ፈላ። አንደበቱ እንጂ ጆሮው አልተዘጋ። አባዬ ግን እጁን አንስቶ እንደገና ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

በማግስቱ ከኮምፔንሳቶ አዲስ ራስጌ ሠራሁ፤ ስፖንጅ አለበስኩት፤ ከአልጋው ጋር በብሎን አሰርኩት። አባዬ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተደገፈና እንዳልሞላ ጆንያ ወደ ቀኝ ተንከባለለ። ጎኑን የሚይዝለት ነገር ያስፈልጋል።

ሥራዋን ትታ እሱን የምታስታምመው ታላቅ እህቴ፣ ሶፋውን አየት አድርጋ “የዚህ ጀርባ ጎን ጎኑን ይይዝለታል” አለች።

“እትዬ፣ የማንን ሶፋ እንደምታስቆርጪኝ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ። የማጎርሰው እኮ እኔ ነኝ! ባሳለው ቁጥር የምትወጣው የኔ ነፍስ ናት!”

ሶፋውን አልጋው አጠገብ ድረስ ገፋሁት። ጉጠቱን በግራ እጁ አስያዝኩትና “አባዬ፣ ጀርባውን ራስጌ ላደርግልህ ነው። ባለቤቱ አንተ ነህ፤ የመጀመሪያውን ምስማር ንቀል” አልኩት።

ጉጠቱን አየ። ሶፋውን አየ። ከዚያ ጉጠቱን ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ስር ከተተው።

እህቴ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ለሦስት ቀን አባዬ ጉጠት ታቅፎ አደረ። ልብሱን ልንቀይርለት ስንመጣ እንኳ አይለቅም። “ጠማማነቱን ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባችሁ?” እያልኩ እቀልድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ሾርባ ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ። እህቴ ጀርባውን ትመታለች፤ እኔ እጄን ዘርግቼ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ትንፋሹ ሲመለስ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር።

ተነስቼ ከወርክሾፑ ሌላ ጉጠት አመጣሁ። እጄን እንዳያይ ሶፋውን አዙሬ፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ፣ የመጀመሪያውን ምስማር ራሴ ነቀልኩ። ምስማር ከእንጨት ሲወጣ ግን ድምፅ አለው፤ ያንን ድምፅ አርባ ዓመት ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ቀና ስል ዐይኑን ጨፍኖ አገኘሁት።

ሥራው ቀና፤ አይቀናም ብዬ ነበር። ጀርባውን በመጋዝ ለየሁት። የመቀመጫውን ጠርብ ቆርጬ የራስጌው እግር አደረግኩት፤ ከእሱ የጠነከረ እንጨት አልነበረኝማ። ያው ከፋይ፣ ያው የነሐስ ምስማር። ሲገጠም አባዬ መሃሉ ላይ ልክክ አለ፤ የራሱ ልክ ነዋ። ያን ቀን ምሳውን ያለ አንዲት ሳል ጨረሰ። እህቴ እጄን ሳመችኝ። ነርሷም መጥታ “እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!” አለችኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ወደ መስኮቱ መጠቆም ተወ። መስኮቱ ስር የቀሩት የአራት እግሮች ምልክት ብቻ ናቸው። እኔንም አያየኝም። “አባዬ፣ ተቆጣኝ እስቲ” እለዋለሁ። ያገኘውን ቢወረውርብኝ፣ ቢተፋብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

በሳምንቱ ጠዋት ስገባ ያን የደበቀውን ጉጠት አውጥቶ ግራ ጆሮው አጠገብ ካለ ምስማር ጋር ሲታገል አገኘሁት።

“እየፈታው ነው!” አለች እህቴ።

“ተይው። ሁሉንም ይንቀለው” አልኳት። እልሁ ተመለሰ ብዬ ልቤ ዘለለ።

ጉጠቱ እየሸሸው፣ እጁ እየዛለ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየጀመረ እስከ ምሳ ቆየ። በመጨረሻ ምስማሩ አንሶላው ላይ ጠብ አለ። ሌላውን ይቀጥላል ብዬ ስጠብቅ ጉጠቱን አስቀመጠው። ምስማሩን በሁለት ጣቱ ለቅሞ በዐይኑ ጠራኝ። በሳምንቱ ውስጥ ያየኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እጄን ዘረጋሁለት። ምስማሩን መዳፌ ላይ አኖረና ጣቶቼን ማጠፍ ጀመረ። ትንሿን። ቀጥሎ ያለችውን። መሃለኛዋን። ሌባ ጣቴን። አውራ ጣቴ ላይ ሲደርስ እጁ አልታዘዝ አለው፤ እሷን ራሴ አጠፍኳት።

“አባዬ፣ እኔ እኮ ደንበኛ አይደለሁም” አልኩት። “ባለቤቱ አንተ ነህ። ሻል ሲልህ ሶፋህን እንደነበረ እመልስልሃለሁ።”

ራስጌውን ተደግፎ አየኝ። ሁለታችንም ሙያውን እናውቀዋለን።