«ልጆቼ» የሚለው ፋይል

«ከመሞቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ደውላልኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ እንዳስደገፈች። «‹ስንት ሰዓት ላይ እንደተወለድሽ እናትሽን ጠይቂልኝ› አለችኝ። ሥራ ይዤ ስለነበር ‹እሺ እትዬ› ብዬ ዘጋሁት። መልሼም አልደወልኩላት።»

«ላንቺ ብቻ መሰለሽ?» አለች የሟች ታናሽ እህት። ሦስት ቀን ሙሉ የለቅሶ እንግዳ ስትቀበል ድምፅዋ ሻክሯል። «ያልደወለችለት ሰው የለም። አእምሮዋ ደክሞ ነበር። ‹ጽፌው ነበር፣ ጠፋብኝ› ትላለች። ምን እንደጻፈች እግዜር ይወቀው።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሩ አጠገብ ወንበር የሚደረድረው የእህትየዋ ልጅ ግን ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ይህንኑ ወሬ ጠዋትም ሰምቶታል፣ ትናንትም ሰምቶታል። በሰማ ቁጥር እጁን የሚያስይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ወይ ብርጭቆ ይሰበስባል፣ ወይ የተደረደረውን ወንበር እንደገና ይደረድራል።

ቤተሰቡ «ባለሙያው» እያለ ነው የሚጠራው። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ የተቀጠረ ጊዜ ስሙን ያወጣችለት ይህችው የሞተችው አክስቱ ናት።

አክስቱ ሠላሳ አራት ዓመት በአዋላጅነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። በእጇ የተወለዱትን ሁሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እናትየዋ በምጥ መሃል የተሳደበችውን ሳይቀር በደብተር ስትመዘግብ ኖረች። ጣሪያው አፍስሶ ደብተሮቹ ሲሻግቱባት ደግሞ በስተርጅና መተየብ ተማረች። በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመች ሁለት ዓመት ሙሉ ገለበጠቻቸው። ገልብጣ የጨረሰችውን ደብተር ትጥለዋለች፤ ሻጋታው ያስነጥሳታል።

ኮምፒውተሩ ታዲያ ጉድ ነበር። ቁልፉን ተጭና፣ ሳህን አጥባ፣ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ገና በመነሳት ላይ ነው። «ምን ይሁን ብለህ ነው፣ እሱም እንደኔ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሳው» ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባለሙያው ሊያድስላት መጣ። ጓደኞቹ ኳስ ሜዳ እየጠበቁት ስለነበር ልቡ እዚያ ነው። አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ ፈጣን ዲስክ ገጠመላት፣ ሜሞሪ ጨመረላት።

«ጽሑፎቼን እንዳትነካብኝ፣ አደራ» አለችው።

«ኧረ አክስቴ! ይቺ ለኔ ምን አላት?»

ፎቶዎቿን ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጠ፤ ሌላ ምን እንዳለ ዞር ብሎም አላየ። አሮጌውን ዲስክ ቤቱ ወስዶ የዚያኑ ዕለት ሙልጭ አድርጎ አጠፋውና ፊልም ሞላበት።

በሳምንቱ ደወለች። «ባለሙያዬ፣ ልጆቼ የሉም።»

«የምን ልጆች?»

«ፋይሉ ነዋ! ‹ልጆቼ› የሚለው።»

ፊልም የሞላበት ዲስክ ትዝ አለው። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። አፉ ግን ቀደመው። «አክስቴ፣ ያ ዲስክ እኮ ድሮም አልቆለት ነበር።»

«የኔ ጥፋት ነው» አለች። «ሲያቃስት እየሰማሁ አላሳረፍኩትም። አንተማ ደክመህልኛል፤ አሁን እኮ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈታል። ተባረክ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እንደገና ከሀ ጀመረች። የምታስታውሰውን ጻፈች፣ ያላስታወሰችውን እየደወለች ጠየቀች። ጎረቤት መንሾካሾክ ያዘ። እህቷ ተጨንቃ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ባለሙያውም ቦርሳ ይዞ አብሮ ሄደ። ሐኪሙ አእምሮዋን ሊፈትን የግድግዳ ሰዓት ሥዪ አላት፤ ሣለች። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አላት፤ ነገረችው።

«ጽፌ ነበር ትላለች ዶክተር፣ የተጻፈ ነገር ግን የለም» አለች እህቷ።

ይሄኔ አክስቱ ዞር ብላ ባለሙያውን አየችው። ምጥ የያዛት ሴት አልጋ አጠገብ ተቀምጣ እንደምትጠብቀው፣ ሳትቸኩል ጠበቀችው። እሱ የጫማውን ክር ሲያይ ቆየ።

«ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሊነግራት እያሰበ፣ ነገ ነገ እያለ፣ አንድ ጠዋት ልቧ ቆሞ ተገኘች።

«ምስኪን፣ መጨረሻዋ ላይ ልጅ ሆና ነበር» ስትል እናቱን ሰማት፣ ለቅሶ ሊደርሱ አዲስ ለገቡት እንግዶች። የያዘውን ወንበር አስቀመጠ።

«አእምሮዋ ደህና ነበር» አለ።

ሁሉም ቀና አሉ።

«ጽፋ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ሳድስ ሳላይ አጠፋሁትና ዲስኩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ዋሸኋት።»

እናቱ ወደ እሱ ዞረች። «ሐኪም ቤት… ከጎኔ ተቀምጠህ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«እንደ ሕፃን ሰዓት ሥዪ ስትባል፣ አንተ እያየህ?»

«አዎ፣ እማ።»

ማንም አይዞህ አላለውም። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቱ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች፤ ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ፣ የሚታጠብ ነገር ግን አልተሰማም።

እሱ ወደ አክስቱ መኝታ ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩን አስነሳ። ከመቅጽበት ተከፈተ፤ ያ ፍጥነቱ አሳፈረው። ፋይሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ «ልጆቼ፣ እንደገና»። ስልሳ አንደኛው ልጅ ላይ ደርሳለች። «ወንድ። አባቱ በር ላይ ራሱን ስቶ እሱንም አነሳን።» «መንታ። ሁለተኛዋን ማንም አልጠበቃትም።» «ሴት። ዝናብ ነበር። አሁን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰዓቱን እናቷን ትጠይቅልኛለች።»

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «የእህቴ ልጅ። ወንድ። በእግሩ መጣ፤ አስጨነቀን። ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱን እህቴን ልጠይቃት ነበር፣ ግን አሁንም ረሳች ብላ ትደነግጥብኛለች። ሰዓት፦»

ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

እናቱ መቼ ከኋላው እንደቆመች አላወቀም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፣ ደግማ አነበበች። እጇ ገና እርጥብ ነው።

«እኔን ፈርታ» አለች። ቀጥሎም ቀስ ብላ፣ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር» አለች።

ሊጽፈው ሲል እጁን ገፋ አደረገችው። በዕድሜዋ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ በአንድ ጣቷ ቁጥሩን ፈልጋ አገኘችና ተጫነችው፤ ጣቷን ግን አላነሳችም። ዘጠኝ በዘጠኝ ላይ እየተከተለ መስመሩን ሞላ፣ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ባለሙያው ጣትሽን አንሺ አላላትም።